ጀልባዋ ላይ ማንም እንዳይነሣ

ይህ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊከበር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም የሚያሻግረው የአባይ ድልድይ ገና ሳይሠራ ነው። እንዳልረሳው የሚያደርገኝ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለሦስት ክንፍ ብረት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አንዱ የወፍጮ ነው ይላል፣ ሌላው የቬንትሌተር ነው ይላል። የጀልባ ነው ስላቸው ከተማችን ባሕር ይኖራት እንደሆነ በመስኮት የሚያዩ አሉ።

ጌታቸው የታናሽ እህቴ ልጅ ነው። እናቱ ከሞተች በኋላ እኔ ዘንድ አደገ። እናቱ «እታለም» ትለኝ ስለነበር እሱም እታለም ይለኛል። ዐዋቂ ሲሆን አረብ አገር ሄደ። የሄደው ጀማል በሚል የፓስፖርት ስም ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙ የክርስቲያን ልጅ እንዲያ ያደርግ ነበር። ሥራው የሀብታሞችን ፈጣን ጀልባ ማጠብ፣ ሞተር መግጠም፣ ኋላም መንዳት ነበር። ሌላው ከአረብ አገር ሲመለስ ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ያመጣል። የእኔው ጀልባ አመጣ።

ምክንያቱ ሴት ናት። ውቢት የምትባል የጎጃም ልጅ እዚያው አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሲተዋወቁ አገራቸው ፊት ለፊት ሆኖ ተገኘ። ከእነሱ ደጃፍ የእኛ ተራራ ይታያል፣ ከእኛ ገደል አፋፍ የእነሱ። መካከል ላይ አባይ አለ። ቀይ ባሕርን ተሻግረው የተገናኙ ሰዎች አገራቸው ሲገቡ ወንዝ ለያቸው።

ወንዙ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። አባቷ አቶ አዳሙ ናቸው አስቸጋሪው። ትልቋን ልጃቸውን ቀደም ሲል ወደ እኛ በኩል፣ ለእኛው ሰፈር ሰው ድረዋት ነበር። ነሐሴ ላይ በወሊድ ሞተች። አባይ ሞልቶ ስለነበር መርዶውን ከዳር ቆመው ማዶ ለማዶ በጩኸት ሰሙ፤ ቀብሯ ላይ አልደረሱም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ልጅ ከአባይ ማዶ አልሰጥም ብለው ማሉ። ጌታቸው የላከባቸውን ሰው ሁሉ በዚሁ ቃል መለሱት።

ጌታቸው ደግሞ መሐላውን እንደ ሞተር ብልሽት አየው። «አባይን በሁለት ትንፋሽ የምታሻግር ነገር በዓይናቸው ካዩ መሐላው ምን ይሠራል?» አለኝ። እኔም አልመለስሁለትም። የተመለሰለትን ሁሉ እሺታ ነው ብሎ የሚይዝ ልጅ ነው።

ጀልባዋ ከደሴ በአይሱዙ ተጭና መጣች። ቀይ ናት። አፍንጫዋ ሹል፣ ቁመቷ ሁለት አልጋ ጫፍ ለጫፍ ቢገጠም የሚያህል። ግቢዬ ውስጥ እንጨት ላይ አስቀምጦ እንደ ሙሽራ ያሻት ጀመር። ሆዷን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ ውኃ የሚነካው ቦታ ላይ ትንሽ ሻካራ ካለ ፍጥነቷን ይበላዋል አለ። ሞተሩን ከኋላዋ ሲሰቅል አንድ ጣት ወደ ላይ፣ ግማሽ ጣት ወደ ታች እያለ ዋለ። ዝቅ ካለ ውኃው ይጎትታታል፣ ከፍ ካለ ብረቱ አየር ይመታል።

ፕሮፔለር የሚለው ይኸው ውኃ የሚገፋው ብረት ሁለት ነበረው። አንዱ ለጭነት ነው፣ አንዱ ለፍጥነት።

«የትኛውን ነው የምትገጥመው?» አልኩት።

«አማት ፊት እኮ ነው የምቀርበው፣ እታለም» አለና የፍጥነቱን ገጠመ።

ሞተሩን በርሜል ውኃ ውስጥ ነክሮ ሲያስነሣው አሳለ፣ አጨሰ፣ ጠፋ። እንደገና ቢያስነሣውም ያው ነው። አጥሩ ላይ የተደረደረው ጎረቤት ሲስቅ ዋለ። ሼህ እንድሪስ ከሁሉ ይብሱ ነበር። ከከላላ በኩል የመጡ በቅሎ አርቢ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጌታቸውን በፓስፖርት ስሙ መጥራት ያስደስታቸዋል።

«ጀማል፣ ይቺ ነገር ሳል ይዟታል። ጸበል ነው ዱዓ የሚሻላት?»

«ደጋ ስለሆነ ነው፣ አባ። አየሩ ሳስቶ ነዳጁ በዛባት። ቆላ ስንወርድ ይሰሟታል።»

«እኛም ደጋ ነው የምንኖር፤ መች አጨስን?»

ለሽማግሌነት የተመረጡት እኒሁ ሼህ እንድሪስና የንስሐ አባታችን ቄስ ተስፋዬ ናቸው። በእኛ አገር እስላምና ክርስቲያን አብረው ካልቆሙበት ሽምግልናው ጎዶሎ ይመስላል። ሴት ግን ሽማግሌ ሆና አትሄድም። እኔን የፈለገኝ ለሌላ ነበር።

«ሼህ እንድሪስ ቀጭን ናቸው፣ ቄሱ ደልደል ያሉ ናቸው» አለኝ። «በግራ ቄሱ ከተቀመጡ በቀኝ የሚመጥናቸው ሰው ያስፈልገኛል። አንቺ ደግሞ...» ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ጨርሰው» አልኩት።

አልጨረሰውም። በዚያን ጊዜ ሰውነቴ ሙሉ ነበር። ከመሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ጡረታ ወጥቼ እቤት ውዬ ነበርና ጊዜም ነበረኝ። ሰው ለብዙ ነገር ይፈለጋል፤ ለክብደት ስፈለግ የመጀመሪያዬ ነው።

የጀልባዋን ቅርጽ ግቢዬ መሬት ላይ በኖራ አሰመረና በርጩማ ደረደረበት። ሼህ እንድሪስ ከፊት፣ ቄሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ፣ እሱ ከኋላ ሞተሩ ዘንድ። እያስቀመጠ እያስነሣ አለማመደን።

«ስትሮጥ አትፍሯት፤ ስትሮጥ ትረጋለች» አለን። «የምትፈራው ስትቆም ነው። ሆዷ ሹል ስለሆነ ቆማ ዓመለኛ ናት።»

ሼህ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለመሳፈሪያ የማትቆም በቅሎ ለሽማግሌ አትሆንም፣ ጀማል።»

«አብሽሩ። ብቻ ማንም እንዳይነሣ። ማንም ካልተነሣ ምንም አይመጣም።»

ቄስ ተስፋዬ ጋቢያቸውን ለማስተካከል ብድግ ቢሉ «ይኸው ሞተናል» አላቸው። «መሬት ላይ እኮ ነን፣ ልጄ» አሉት። ሆኖም ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጎበዝ ተማሪዎች ሆንን።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ተነሣን። ወደ ወንዙ የሚወርድ የመኪና መንገድ ስላልነበር ጀልባዋን የተሸከሟት የቅሬው ጎልማሶች ናቸው። ቅሬ እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀብርበት ማኅበር ነው። ሸክም በትከሻ እየተቀባበሉ ቁልቁለት መውረድ ያውቁበታል። አስከሬን በሚሸከሙበት ወሳንሳ ላይ ጫኗትና ፀሐይ እንዳይመታት ሸራ አለበሷት።

ስሕተቱ ሸራው ነበር። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች የተሸፈነ ረጅም ነገር በወሳንሳ ሲወርድ አዩና ዕቃቸውን አውርደው አለቀሱ። አንዷ ደረቷን እየደቃች «ወይኔ ቁመት!» አለች። ጌታቸው ሊያስረዳቸው ሲል ሼህ እንድሪስ ክንዱን ያዙት።

«ለቅሶ አይቋረጥም። ይጨርሱ።»

ጨርሰው የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁን። ጀልባ ነው አልናቸው። ያቺ ደረቷን የደቃችው እንባዋን አበሰችና ዕቃዋን ተሸክማ፣ ሰላም እንኳ ሳትለን ሄደች።

ቆላ አድረን ጧት ወንዙ ዳር ደረስን። ውኃው ከክረምቱ ጎድሏል፤ ግን ቀይና ጉልበታም ነበር። ጌታቸው የሞተሩን ገመድ አንድ ጊዜ ሳበ። ተነሣ። ሳል የለ፣ ጭስ የለ። ሼህ እንድሪስን ዞር ብሎ አያቸው፤ እሳቸው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

መጀመሪያ ባዶዋን ነዳት። አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀሰረች፣ ከዚያ ዝቅ አለችና ሆዷ ውኃውን የነካ ሳይመስል በረረች። ወደ ላይ ሄዶ፣ ዞሮ፣ እየተንሸራተተ ተመለሰ። አረብ አገር ምን ሲሠራ እንደኖረ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ጎበዝ ነው አልኩ፣ በሆዴ።

የሚያንሳፍፍ ብርቱካንማ ሰደርያ አለበሰን። ቄስ ተስፋዬ ከካባቸው በላይ ሲለብሱት የመንገድ ሠራተኛ መሰሉ። እሱ አንድ ቀይ ገመድ ከእጁ አንጓ ወደ ሞተሩ አሰረ። እሱ ከወደቀ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል፤ ብረቱ ሰው አይቆርጥም።

ተሻገርን። ስለ መሻገሩ ብዙ የምለው የለኝም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ጆሮዬ ግን ክፍት ነበር። አፍንጫዋ ወደ ላይ ሲቀሰር «ያ ረቢ» ያሉት ቄስ ተስፋዬ ናቸው። «እመብርሃን» ያሉት ደግሞ ሼህ እንድሪስ ናቸው። ማዶ ስንደርስ ሁለቱም በተራ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ጌታቸው ወደ ዳር ሲጠጋ ፊቷን ወደሚመጣው ውኃ አዞረና ነዳጁን በጥቂት በጥቂቱ ቀነሰ። ድንገት ከለቀቀው የገዛ ማዕበሏ ከኋላ ደርሶ ይሞላታል። አሸዋው ላይ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው አሳረፋት።

የምንመጣበትን ቀን አስቀድመን ልከንባቸው ስለነበር አቶ አዳሙ ከዘመዶቻቸው ጋር ወርደው ይጠብቁን ነበር። ረጅም፣ ግዙፍ፣ ጋቢ የደረቡ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሰው ናቸው። ውቢት ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማለች። ቄስ ተስፋዬ ለሽምግልና የተዘጋጁበትን ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ አቶ አዳሙ እጃቸውን አነሡ።

«ንግግራችሁን አውቀዋለሁ፣ አባቴ። የማላውቀው ይህን ወንዝ ነው። እኔን ወስዶ ይመልሰኝ። በደረቄ ከተመለስሁ እንነጋገራለን።»

«በደስታ» አለ ጌታቸው።

«ብቻዬን ግን አይደለም። ሽማግሌ ሆናችሁ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ሞትም ካለ አብረን ነው።»

ጌታቸው ፊቱ ተለወጠ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እታለም፣ አምስት ሰው በፍጥነቱ ፕሮፔለር አፍንጫዋን ላታነሣ ትችላለች። የጭነቱን ቤት ትቼዋለሁ።»

«ንገራቸዋ።»

«ለአማት እምቢ ይባላል?»

አይባልም። ሰደርያ ሲሰጣቸውም የቀን ሠራተኛ ልብስ አልለብስም አሉት፤ እሱም አልደገመላቸውም። ጠመንጃውንም አላስቀምጥም አሉ፤ አስቀምጡ አላላቸውም። እኛ ቀድመን ገብተን በተማርነው ቦታ በተማርነው ዓይነት ተቀመጥን። ጌታቸው አፍንጫዋን ብቻ አሸዋው ላይ ትቶ ኋላዋን ወደ ጥልቁ ገፋ፤ ሞተሩን አስነሥቶ ዓይኑን ፕሮፔለሩ ላይ ተከለ። የተጨነቀው ስለ ክብደት፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ድንጋይ፣ ስለ ብረቱ ነበር። ሁሉን አስቧል። አንድ ነገር ብቻ አላሰበም፤ እኛም አላሰብነውም።

አቶ አዳሙ እግራቸውን ጀልባዋ አፍንጫ ላይ አሳረፉ።

«ኖር» አሉ ሼህ እንድሪስ፤ ተነሡ።

«ኖር» አሉ ቄስ ተስፋዬ፤ ተነሡ።

እኔም ተነሣሁ። ከአንባቢ ይህን ለመረዳት የሚቸገር ያለ አይመስለኝም። ትልቅ ሰው ሲገባ መነሣት እንደ ማስነጠስ ነው፤ ፈቃድ አይጠይቅም። ከኋላችን ጌታቸው «አትነሡ!» አለ። ከፊታችን አቶ አዳሙ «በእግዜር፣ ኧረ አትነሡ» አሉ። አንደኛው የምሩን ነው፣ ሌላኛው ለወጉ ነው። ወጉ ደግሞ አትነሡ ሲባል የባሰ መነሣት ነው። ቄስ ተስፋዬ የራሳቸውን ቦታ ሊለቁላቸው ወደ እኔ በኩል ተሻገሩ። ሼህ እንድሪስም ከሳቸው እንዳያንሱ ወደዚያው ተጠጉ።

ጀልባዋ ዓመሏን አሳየች።

አባይ ውስጥ ዓይን ቢከፈት የሚታይ ነገር የለም፤ ቀይ ነው። ሰደርያው እንደ ቡሽ አወጣኝ። ስወጣ ሼህ እንድሪስ የነጠላዬን ጫፍ ጨብጠው አገኘኋቸው። የቄስ ተስፋዬ ጥምጥም እየተፈታ ብቻውን ይሄዳል። ሞተሩ ጸጥ ብሏል፤ ቀይዋ ገመድ ሥራዋን ሠርታለች። ሦስታችንንም የውቢት ዘመዶች በዱላና በነጠላ እየሳቡ አወጡን። አዞ እንዳለ ትዝ ያለኝ አሸዋ ላይ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው።

አቶ አዳሙ ግን አልወጡም። ጋቢያቸው ውኃ ጠጥቶ፣ ጠመንጃው ትከሻቸውን እየጎተተ ወደ ጥልቁ ሄዱ። ጌታቸው በአንድ እጁ የሳቸውን ጋቢ፣ በሌላ እጁ የጀልባዋን ገመድ ይዟል። ጀልባዋ ተገልብጣለች፤ ወንዙ ይስባታል፣ እሷ ደግሞ ሁለቱን ትስባለች። ያቺ ጀልባ የስንት ዓመት ላቡ እንደሆነች አውቃለሁ። ገመዱን ሲያጠብቅ አየሁት። ጋቢውንም ሲያጠብቅ አየሁት። ሁለቱንም ለማውጣት የሚያስብ ሰው ፊት ነበረው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ ያንን ፊት።

ውቢት እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታ ጮኸች። «ጀልባዋን ተዋት!»

ተዋት።

ቀይ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ሄደች። ከነሞተሯ፣ ከፍጥነቱ ፕሮፔለሯ ጋር በወንዙ መታጠፊያ ጠፋች። ጌታቸው አቶ አዳሙን እየጎተተ አሸዋ ላይ አወጣቸው። ጠመንጃው አብሯቸው አልወጣም።

ረዥም ጊዜ ውኃ ሲተፉ ቆዩ። እኛ ዙሪያቸውን ተዘርግተናል። በመጨረሻ በጉልበታቸው ተደግፈው ቀና ሲሉ፣ ሼህ እንድሪስ ተነሡ። ቄስ ተስፋዬ ተነሡ። እኔም ተነሥቼ ነበር።

«ቁጭ በሉ» አሉ አቶ አዳሙ። «አንድ ጊዜ ገልብጣችሁኛል፤ ይበቃል።»

ዘመዶቻቸው ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። እየተንጠባጠቡ አንድ በአንድ አዩን፤ በተለይ ሼህ እንድሪስን ለረዥም ጊዜ አዩዋቸው።

«ልጄን የቀበራችሁ ዕለትም እንዲህ ቆማችሁላት ነበር?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ለማንም አንሥተው እንደማያውቁ ኋላ ውቢት ነግራኛለች።

«በነሐሴ ዝናብ» አሉ ሼህ እንድሪስ። «ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ከቅሬው የቀረ ሰው አልነበረም። እኔ ወሳንሳውን ይዤ ነበር።»

«ፍትሐቱ እስኪያልቅ የተቀመጠ የለም» አሉ ቄስ ተስፋዬ።

አቶ አዳሙ ፊታቸውን በእርጥብ ጋቢ ጠረጉ። ከዘመዶቻቸው አንዱ ሁኔታው ስላልጣመው «አያ አዳሙ፣ ጀልባዋም ሄደች፣ ወንዙም እንዳለ ነው እኮ» አላቸው።

«ወንዙማ እንዳለ ነው። ሰዎቹን ነው ያየሁ።» ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «ሞኞች ናችሁ። ውኃ ላይ ለሰው የሚነሣ ሞኝ ነው። ልጄ ግን እናንተ ዘንድ ብትኖር የሚነሣላት፣ ብትሞት ቆሞ የሚቀብራት አታጣም። ውሰዷት።»

ቄስ ተስፋዬ ያንን የተዘጋጁበትን ንግግር ሳይናገሩት ቀሩ። እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል።

ወደ ቤት የተመለስነው ዱሮ እንደሚሻገሩት ነው፤ በተነፋ ስልቻ ላይ ተንጋለን፣ ዋናተኛ እየገፋን። እኔን የገፋኝ ሰውዬ መካከል ላይ ሲደርስ «የአረቧ ጀልባስ?» አለኝ። «ሱዳን ደርሳለች» አልኩት። ሱዳን አልደረሰችም። ቆየት ብሎ ከታች ካሉት ቆለኞች ዘንድ መገኘቷን ሰማን። ሞተሩ የለም። ሆዷን እንጨት ደግፈውለት ከብት ያጠጡባታል አሉ። ጌታቸው ሊያያት አልፈለገም።

እሱና ውቢት መካነ ሰላም ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከፍተው ይኖራሉ፤ ልጆችም አሏቸው። የጭነቱ ፕሮፔለር ከእኔ ግድግዳ ላይ አልወረደም። ጌታቸው ባየው ቁጥር ይህንን ገጥሜ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር ይላል። ውቢትና እኔ ተያይተን ቡናውን እንቀዳለታለን።

አሁን ድልድይ አለ። አቶ አዳሙ እኔ ቤት በአውቶቡስ ይመጣሉ። አርጅተዋል፣ ጎብጠዋል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ሁልጊዜ ገና ከአጥሩ በር ላይ ሆነው በዚያ ወፍራም ድምፃቸው «እንዳትነሡ!» ይላሉ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ባለበት ይቀመጣል። ነገሩን የማያውቅ እንግዳ ካለ ይደነግጣል፤ ስድ ቤተሰብ መስለን እንታየዋለን።

በዕድሜዬ ቁጭ ብዬ የተቀበልሁት ትልቅ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ጉልበቴ ግን አሁንም ብድግ ሊል ይፈልጋል፤ በሁለት እጄ ይዤ አስቀምጠዋለሁ።